በ1906 116 ጨዋታ ያሸነፈው የቺካጎ ከብስ ዋንጫውን እንዴት አጣ?

የጠባሴው ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለናንተ ወገኖች፣ ቤዝቦል የምትከታተሉ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ቺካጎ የሚኖረው አጎቴ ለበዓል መጥቶ ነበር፣ ስለ ከብስ አውርቶ አይጠግብም፣ እኔም ከዛ ወዲህ በስልኬ ማየት ጀመርኩ፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ግን አንዴ ከገባህ አይለቅህም። አሁን ያልገባኝ የ1906 ሲዝን ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከብስ በዛ ዓመት 116 አሸንፎ የተሸነፈው 36 ብቻ ነው፣ ሁለተኛ የወጣውን የኒውዮርክ ጃየንትስን በ20 ጨዋታ በልጦ ጨረሰ። ከዛ ወርልድ ሲሪስ ላይ እዛው ቺካጎ ውስጥ ባለው ዋይት ሶክስ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ዋይት ሶክሶች ደግሞ ኳስ በመምታት ከሊጋቸው የመጨረሻዎቹ ነበሩ፣ ዓመቱን ሙሉ የመቱት ሆም ራን፣ ኳሱን ከሜዳ አውጥቶ መምታት ማለት ነው፣ 7 ነው። አጎቴ "እድል ነው" ብሎ ዘጋው፣ እኔ ግን እድል ብቻ አልመሰለኝም። ደግሞስ በእግር ኳስ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ነው ዋንጫ የሚወስደው፣ 116 ያሸነፈ ቡድን ለምን ሻምፒዮን አይባልም?

ሸኖ ነኝ፦
ሁለተኛውን ልመልስልህ፣ አጭር ነው። ከብስ ሻምፒዮን ተብሏል፣ የናሽናል ሊግ ሻምፒዮን። አሜሪካኖቹ ሁለት ሊግ ነው ያላቸው፣ ናሽናልና አሜሪካን፣ በዛን ጊዜ ደግሞ የሁለቱ ሊግ ቡድኖች ሲዝኑን ሙሉ እርስ በርስ አይጫወቱም፣ የሚገናኙት የሁለቱ አንደኞች መጨረሻ ላይ ወርልድ ሲሪስ ላይ ብቻ ነው። ወርልድ ሲሪሱም ገና ልጅ ነበር፣ በ1903 ተጀመረ፣ በ1904 ጃየንትስ አንጫወትም ብለው ቀረ፣ ስለዚህ የ1906ቱ ሶስተኛው ነው። ዋይት ሶክስም እንደምታስበው ዝም ብሎ የመጣ ቡድን አይደለም፣ 93 አሸንፏል፣ ኦገስት ላይ ደግሞ 19 ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፉን አትርሳ።

አንኮበር ቁልቁለት፦
የጠባሴው ወንድሜ፣ አጎትህን አክብሬ ነው ግን እድል ብቻ አልነበረም። ይሄን ሲሪስ በጣም ስለምወደው ረዘም አርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የዛን ዘመን ኳስ አስቡት። አሁን ቲቪ ላይ የምታዩት ኳስ ትንሽ ቆሸሸ ተብሎ ወዲያው ይቀየራል፣ ያኔ ግን አንዱ ኳስ እስኪልፈሰፈስ ድረስ ነው የሚጫወቱበት፣ ፒቸሩ ማለትም ወርዋሪው ምራቅ ይቀባዋል፣ ትምባሆ ይቀባዋል፣ ጭቃ ያሸዋል፣ ይሄ ሁሉ ያኔ አይከለከልም፣ ምራቅ የተከለከለው በ1920 ነው። ገና የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፣ ሩሩ አዲስ ሲሆንና ቀኑን ሙሉ ሲደበደብ ውሎ ሲመሽ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጨዋታውን የሚወስነው ወርዋሪው ነበር፣ በዚህ ደግሞ ዋይት ሶክስ ከከብስ ብዙም አያንስም፣ በዛ ሲዝን 32 ጨዋታ ላይ ተጋጣሚያቸውን አንድ ነጥብ እንኳ አላስገቡትም። መምታት አይችሉም የሚለውን ሁሉም ያወራል፣ ይሄን ግን ማንም አያነሳላቸውም፣ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ሲሪሱ የተጀመረው ኦክቶበር 9 ነው፣ በኛ መስከረም 29 ቀን 1899፣ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው። ቺካጎ ብርድ ነበር፣ በረዶ ብን ብን ይል ነበር። የከብሱ ብራውንና የዋይት ሶክሱ አልትሮክ ገጠሙ፣ ሁለቱም 4 4 ሂት ብቻ ነው የሰጡት፣ ሂት ማለት መቺውን ቤዝ ማለትም ማረፊያ ላይ የሚያደርስ ምት ነው፣ ዋይት ሶክስ 2 ለ 1 አሸነፈ። በማግስቱ የከብሱ ሩልባክ አንድ ሂት ብቻ ሰጥቶ 7 ለ 1። ሶስተኛው ላይ ኤድ ዋልሽ የሚባለው በምራቅ ኳስ የታወቀው የዋይት ሶክስ ፒቸር 12 ሰው በስትራይክ አውት ማለትም ሶስቴ አስቶ መለሰ፣ 3 ለ 0። ሶስቱም ነጥብ የመጣው ጆርጅ ሮሂ ከሚባል ተጠባባቂ ነው፣ ቤዞቹ ሁሉ ሰው ይዘው እያለ ትሪፕል ማለትም መቺውን ሶስተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት መታ፣ ሶስቱም ሮጠው ገቡ። በመጀመሪያው ጨዋታም ትሪፕል መቶ ነበር። ይሄ ልጅ ሜዳ የገባው ጆርጅ ዴቪስ ስለታመመ ነው እኮ፣ ዴቪስ ድኖ ሲመለስ እሱን ማን ያስወጣዋል፣ ሌላ ሰው ነው የወጣው። አራተኛውን ብራውን 1 ለ 0 ለከብስ አመጣው። አምስተኛው ግን 8 ለ 6 ስድስተኛው 8 ለ 3 ሆኖ አለቀ፣ እነዛ "መምታት የማይችሉ" የተባሉት በሁለት ቀን 16 ነጥብ አስገቡ፣ አምስተኛው ላይ ኢዝቤል ብቻውን አራት ደብል ማለትም ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት መታ። ደግሞ ልብ በሉ፣ እስከ አምስተኛው ድረስ በሜዳው ያሸነፈ ቡድን የለም፣ የሚያሸንፈው ሁሌ እንግዳው ነበር፣ ከብስ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው ውጪ 60 አሸንፎ የተሸነፈው 15 ብቻ ስለነበር ይሄ ለሱ መጥቀም ነበረበት፣ ግን ሶስቱንም የሜዳው ጨዋታ ተሸነፈ።

እቴነሽ ከደብረ ሲና፦
ስለ ብራውን እጅ ማንም አልጻፈም እኮ! ሙሉ ስሙ ሞርደካይ ብራውን ነው፣ "ባለ ሶስት ጣት" ነው የሚሉት። ኢንዲያና ገበሬ ቤት ነው ያደገው፣ ልጅ እያለ የከብት መኖ የሚከትፈው ማሽን ውስጥ ቀኝ እጁ ገብቶ አመልካች ጣቱ ተቆረጠ፣ ቁስሉ ሳይድን ደግሞ ወድቆ ሌሎቹን ጣቶች ሰበራቸው፣ ተጣመው ቀሩ። እኛ ሰፈርም የመኖ ማሽን እጁን የያዘው ልጅ አለ፣ ስለዚህ ይሄን ሳነብ ሌላ ነገር ነው የሚሰማኝ። ብራውን ከዛ ከሰል ማዕድን ውስጥ ሰራ፣ ከዛ ፒቸር ሆነ፣ ያ የተቆረጠው ጉቶና የተጣመመው ጣት ነው ኳሱን የሚያሽከረክረው፣ ኳሱ መቺው ጋ ሲደርስ ድንገት ወደታች ይወርዳል። በ1906 26 አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ፣ ኢ አር ኤው 1.04 ነው፣ 9 ኢኒንግ ማለትም 9 ዙር፣ አንድ ጨዋታ ሙሉ ወርውሮ በአማካይ አንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ያስገቡበታል ማለት ነው። ከብስን ስታነሱ እሱን አስቀድሙልኝ።

ሸኖ ነኝ፦
ልክ ነሽ እቴነሽ። ቤዞቹ አካባቢ የሚከላከሉትም አሉ እንጂ፣ ቲንከር፣ ኤቨርስና አሰልጣኙ ፍራንክ ቻንስ፣ ቻንስ እራሱ አንደኛ ቤዝ ላይ እየተጫወተ ነው ቡድኑን የሚመራው። ቲንከርና ኤቨርስ ሜዳ ላይ እጅና ጓንት ናቸው፣ ከሜዳ ውጪ ግን ተኳርፈው አይነጋገሩም ነበር። ጁን 7 ላይ ደግሞ እዛው ኒውዮርክ ሄደው ጃየንትስን 19 ለ 0፣ በመጀመሪያው ኢኒንግ ብቻ 11፣ እነ ማቲውሰንና ማክጊኒቲ ላይ! ያንን የሚያህል ፒቸር ያኔ አልነበረም።

የመሃል ሜዳ ሰው፦
እኔ ከአንኮበሩ ጋ አልስማማም። 6 ጨዋታ ምን ያሳያል? 152 ጨዋታ ላይ ማን እንደሚበልጥ ታይቷል። የ2004ቱ አርሰናል ሊጉን ሳይሸነፍ ጨርሶ በዛው ዓመት ኤፕሪል ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኤፍ ኤ ካፕ በማንቸስተር ከቻምፒየንስ ሊግ በቼልሲ ወጣ፣ ታዲያ ያ አርሰናል ደካማ ነበር የሚል አለ? የሁለቱንም ቡድን የምት አማካይ እዩት ሲሪሱ ላይ፣ ከመምታት ሙከራቸው ስንቱ ሂት እንደሆነ ማለት ነው፣ ዋይት ሶክስ .198 ከብስ .196፣ እኩል ናቸው በቃ። በብርድ፣ በዛ ኳስ፣ በ6 ቀን። እንደገና ቢጫወቱ ከብስ ነው የሚወስደው ብዬ ነው የማምነው።

የጠባሴው ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። አንድ ግን፣ ብራውን እንደዛ ከሆነ ስድስተኛው ላይ 8 ነጥብ እንዴት ገባ?

አንኮበር ቁልቁለት፦
አሁን ዋናው ጋ ደረስክ። ብራውን አራተኛውን ሙሉ የወረወረው ኦክቶበር 12 ነው፣ ስድስተኛው ኦክቶበር 14፣ በመሃል ያረፈው አንድ ቀን ነው። በ6 ቀን ሶስተኛ ጨዋታው። ክንዱ አልቋል፣ በሁለተኛው ኢኒንግ ወጣ፣ እስከዛ ጨዋታው አልቋል። ቻንስን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ሩልባክና ፊስተር ባለፈው ቀን ወርውረዋል እሺ፣ ግን ካርል ሉንድግረን የሚባል በዛ ሲዝን 17 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ፒቸር ነበረው፣ ሲሪሱን ሙሉ አንድ ኳስ አላስወረወረውም! መሃል ሜዳ ወንድሜ፣ በእድል እንስማማ ካልክ ግማሹን እስማማለሁ፣ ይሄኛው ግን እድል አይደለም፣ ውሳኔ ነው። ዋይት ሶክስ ግን አልትሮክን፣ ዋልሽን፣ ዶክ ዋይትን እያፈራረቀ ነው የጨረሰው።

የመሃል ሜዳ ሰው፦
የሉንድግረኑን እቀበላለሁ። ግን ለአጎትህ ይሄንንም ንገረው፣ ያው ቡድን ያው ቻንስ በ1907 እና በ1908 ዲትሮይትን አሸንፎ ሁለት ዋንጫ በላ፣ ከዛ በኋላ ነው እስከ 2016 የጠፋው። 116ቱንም እስካሁን ያለፈው የለም፣ ሲያትል በ2001 ደረሰበት ግን 162 ጨዋታ ተጫውቶ ነው፣ ሲያትልም ወርልድ ሲሪስ ሳይደርስ በያንኪስ ወጣ።