ክርክር፦ ለተበከሉ ሰፈሮች የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ በቀጥታ ለነዋሪው ይሰጥ ወይስ በባለሙያ በኩል ይምጣ?

አወያይ፦
ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ የፋብሪካ ጭስ፣ የአውራ ጎዳናና የቆሻሻ መጣያ ሸክም በብዛት የሚያርፈው ጥቁሮች፣ ስደተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ላይ ነው። መንግሥት እነዚህን ሰፈሮች የሚረዳው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ግራንት፣ ማለትም ብድር ያልሆነ የገንዘብ ድጋፍ፣ ሌላው የቴክኒክ ድጋፍ፣ ማለትም የባለሙያ ምክርና እገዛ። በ2022 የወጣው ኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ለዚሁ 3 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ 2.8 ቢሊዮኑ ለግራንት፣ 200 ሚሊዮኑ ለቴክኒክ ድጋፍ። በ2025 ግን የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግራንቶችን አቋረጠ። በዚያው ዓመት በጁላይ የወጣው ሕግ ደግሞ ውል ያልታሰረበትን ቀሪ ገንዘብ ሰረዘ። አሁን ዓይን ሁሉ ያለው ስቴቶች ላይ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ሂል አክት የተባለውን የአካባቢ ፍትሕ ሕግ፣ ኮሎራዶም የአካባቢ ፍትሕ ሕጉን ያወጡት በ2021 ነው፤ ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ የሰፈር አየር ፕሮግራም አላት። ሲያትል፣ ዴንቨርና ኦክላንድ አካባቢ የእኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተናል። ገንዘቡ በቀጥታ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ ወይስ ባለሙያው ይቅደም?

የግራንት ጸሐፊ፦
ባለሙያው ይቅደም። ገንዘብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ደጃፉ ላይ የሚቀረው ማኅበር ብዙ ስለሆነ ነው። የፌዴራል ግራንት ለመጠየቅ መጀመሪያ ሳም ዶት ገቭ በተባለው የመንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብና 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ማግኘት ግድ ነው። እዚያ የሚጻፈው ስምና አድራሻ ስቴቱ ዘንድ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኛ ማኅበራት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወረቀት «የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ማኅበር» ይላል፣ ሌላው «የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ» ይላል፤ አድራሻው የቀድሞው ሊቀ መንበር መኖሪያ ቤት ሆኖ ይገኛል። ማረጋገጫው ይቆምና ሳምንታት ያልፋሉ፤ የማመልከቻው ቀን ግን አይጠብቅም።

ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ነጻ ነው፤ «እኛ እንመዝግባችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ሲያጋጥማችሁ ዝጉት። ከዚያ ግራንትስ ዶት ገቭ በተባለው የማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ማመልከቻውን የሚያስገባው ሰው ውክልና ያስፈልገዋል፤ ውክልናውን የሚሰጠው ሳም ላይ በተጠሪነት የተመዘገበው ሰው ነው። እሱ ማኅበሩን ለቆ ከሆነና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ከሌለ፣ ማመልከቻው የቱንም ያህል ቢያምር አይገባም። ይህን አስቀድሞ የሚያስተካክል ሰው ሳይኖር ገንዘብ መመደብ፣ ጸሐፊ የመቅጠር አቅም ላለው ትልቅ ድርጅት መመደብ ነው።

የሰፈር አደራጅ፦
ወንድሜ፣ ችግሩን በትክክል አስቀምጠኸዋል፤ መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። የቴክኒክ ድጋፍ የሚባለው ገንዘብ የሚቀረው ዩኒቨርሲቲና አማካሪ ድርጅት ዘንድ ነው። ለሰፈሩ የሚደርሰው የኦንላይን ስብሰባና የስላይድ ቅጂ ነው። ማኅበሩ ወረቀት ስለማይችል ገንዘብ አይስጡት ከማለት ወረቀቱን ማቅለል ይቻላል፤ ደግሞም ተሞክሯል። ኢፒኤ 600 ሚሊዮን ዶላር ለ11 አከፋፋይ ተቋማት ሰጥቶ፣ እነሱ ለትንንሽ ማኅበራት ያድሉ ብሎ ነበር። ችግርን ለማጥናት እስከ 150 ሺህ፣ ለእቅድ እስከ 250 ሺህ፣ ለሥራ እስከ 350 ሺህ ዶላር። አቅም ለሌላቸው ደግሞ ያለ ውድድር እስከ 75 ሺህ።

የኮሎራዶን ደግሞ ተመልከቱ። የግራንቱ ገንዘብ የሚመጣው የአየር ብክለት ደንብ የጣሱ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ቅጣት ነው። ጭሱን የማገው ነዋሪ ነው፤ የቅጣቱ ገንዘብ አማካሪ ቢሮ የሚያርፍበት ምክንያት አይታየኝም።

በቀጥታ ገንዘብ ምን ይሠራል ለሚል፣ አንድ ምሳሌ ልስጥ። የደን ቃጠሎ ጭስ ሲመጣ ለአዛውንቶች ቤት የሚሆን አየር ማጣሪያ በእጅ ይገጣጠማል። ባለ 20 ኢንች ካሬ ማራገቢያ አንድ፣ በ20 በ20 መጠን የተሠራ መርቭ 13 የተባለ ደረጃ ያለው ማጣሪያ አራት፣ ካርቶንና ማሸጊያ ቴፕ። አራቱ ማጣሪያዎች እንደ ሳጥን ግድግዳ ይቆማሉ፤ ካርቶኑ ከታች ይሆናል፤ ማራገቢያው ከላይ ወደ ውጭ እንዲነፍስ ይቀመጣል። ማጣሪያው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሳጥኑ ውስጥ መጠቆም አለበት። ክፍተት ከቀረ አየሩ ሳይጣራ በዚያው ያልፋል፤ ስለዚህ ማዕዘኖቹ ሁሉ ይታሸጉ። የማራገቢያው ፊት አራት ማዕዘኖች በካርቶን ቢሸፈኑ ደግሞ አየሩ ተመልሶ አይገባም። ለዚህ የሦስት ዓመት ጥናት አያስፈልግም።

የአየር ጥራት ቴክኒሻን፦
እህቴ፣ ሳጥኑ ለብናኝ ጥሩ ነው፤ ቤንዚን (benzene) የተባለውን መርዛማ ትነትና ሌላውን ጋዝ ግን አይዝም። ማጣሪያ ፋብሪካ አጠገብ ታድሎ ሰው ተጠበቅሁ ብሎ መስኮቱን መዝጋት ቢዘነጋ ጉዳት አለው። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የመለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው። ማኅበራት ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚገዙት ፐርፕል ኤር የሚባለውን የአየር ብናኝ መለኪያ ሴንሰር ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሁለት የሌዘር ቆጣሪ ስላለው ሁለቱ የሚሰጡት ቁጥር ሲለያይ አንዱ መበላሸቱን ታውቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ወይም ሸረሪት ገብቶበት ነው። ነገር ግን ጥሬ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ኢፒኤ ያወጣው ማስተካከያ ጥሬውን ቁጥር በ0.524 ያባዛል፣ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝቶ ይቀንሳል፣ 5.75 ይጨምራል። ጥሬው 40 ከሆነና እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ ውጤቱ ወደ 22.4 ይወርዳል። ማኅበሩ 40 ብሎ ስብሰባ ላይ ከቀረበ የበካዩ ድርጅት ጠበቃ በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ 22.4 ራሱ ከባድ መሆኑን የሚሰማ አይኖርም። ለንጽጽር ያህል፣ በ2024 የደቃቅ ብናኝ የዓመቱ አማካይ ገደብ ከ12 ወደ 9 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ወርዷል።

ሌላም አለ። በኢፒኤ ገንዘብ የአካባቢ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ መጀመሪያ የጥራት ማረጋገጫ እቅድ ጽፎ ማጸደቅ አለበት። ሴንሰሩ የት ይሰቀላል፣ በስንት ቀኑ ይጸዳል፣ ከመንግሥት ጣቢያ መለኪያ ጎን ለስንት ሳምንት ይፈተናል፣ የትኛው ቁጥር ይጣላል፣ ሁሉም ተጽፎ። ሳይጸድቅ የተሰበሰበ ቁጥር በግራንቱ ሥራ ላይ አይቆጠርም። ሴንሰሩን ገዝቶ የሰቀለና እቅዱን ኋላ የጻፈ ማኅበር የወራት ሥራ ያጣል።

የሒሳብ ባለሙያ፦
ሁለታችሁም ያላነሳችሁት ነገር አለ፤ ጥሬ ገንዘብ። ብዙ የስቴትና የከተማ ግራንቶች የሚከፍሉት በተመላሽ ነው። ማኅበሩ መጀመሪያ ከኪሱ ያወጣል፣ ደረሰኝና የሥራ ሰዓት መዝገብ ያቀርባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። 75 ሺህ ዶላር አሸንፎ ባንክ ውስጥ 6 ሺህ ያለው ማኅበር የሁለት ወር ደመወዝ አይችልም። መፍትሔው ውል ከመፈረሙ በፊት ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎች የሚቻል አይመስላቸውምና አይጠይቁም።

የአስተዳደር ወጪም እንዲሁ ይቀራል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በፌዴራል ግራንት ላይ የራሱ የተፈቀደ የአስተዳደር ወጪ ተመን የሌለው ድርጅት ያለ ማስረጃ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይችላል፤ ቀድሞ 10 ነበር። የማኅበራችን በጀት ላይ ግን ይህ መስመር ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱንና ሒሳብ ያዡን ማን ይክፈል? በ2025 ግራንቶች ሲቋረጡም ክፉኛ የተጎዱት ሥራውን ሠርተው ገንዘቡን ገና ያልጠየቁት ናቸው። ስለዚህ የተመላሽ ክፍያው በየሦስት ወሩ ሳይሆን በየወሩ ይጠየቅ።

የሰፈር አደራጅ፦
በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን የኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ሒሳብ ያዥ መቅጠሪያ የሚሆነው 15 በመቶ እንኳ ለአማካሪው ከሄደ ማኅበሩ መቼ ያድጋል?

የተበከለ ውሃና አፈር ባለሙያ፦
ክርክሩ ገንዘብ ወይስ ባለሙያ በሚል መቆሙ ትክክል አይመስለኝም። ባለሙያውን የሚቀጥረው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ከ1986 ጀምሮ የሚሠራ ምሳሌ አለ። ኢፒኤ ሱፐርፈንድ በሚባሉት ክፉኛ የተበከሉ ቦታዎች አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች መነሻው እስከ 50 ሺህ ዶላር የሆነ የቴክኒክ ድጋፍ ግራንት ይሰጣል፤ ለአንድ ቦታ አንድ። ገንዘቡ ለነዋሪዎቹ ማኅበር ይገባል፤ ማኅበሩ ራሱ መርጦ የሚያምነውን ሳይንቲስት ይቀጥራል። ሳይንቲስቱ የመንግሥትንና የበካዩን ድርጅት ሰነድ አንብቦ ያስረዳቸዋል። 20 በመቶው የማኅበሩ ድርሻ ነው፤ ነገር ግን የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓትና በነጻ የተገኘ አዳራሽ ይቆጠራል። ገደቡም ይታወቅ፤ በዚህ ገንዘብ አዲስ ናሙና መውሰድም ክስ መመሥረትም አይቻልም።

ሲያትል ያለው የታችኛው ዱዋሚሽ ወንዝ በ2001 ሱፐርፈንድ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የጽዳት ውሳኔው የወጣው በ2014 ነው። ፒሲቢ፣ አርሴኒክ፣ ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞች፤ ስለ እነዚህ የሚወጣውን ሰነድ በ13 ዓመት ውስጥ እየተከታተለ የሚያነብ ነዋሪ የሚያምነው ባለሙያ ከሌለው ውሳኔው ላይ ቃል አይኖረውም። ባለሙያው የመንግሥት ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ መንግሥትን የሚሞግት ጥያቄ ሲነሳ ወዴት ይቆማል?

የግራንት ጸሐፊ፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ግን ባለሙያ መቅጠርም ሙያ ነው። ሦስት ሰው አወዳድሮ፣ ውል ጽፎ፣ የጥቅም ግጭት መኖሩን ጠይቆ መቅጠር ያስፈልጋል። ለበካዩ ድርጅት የሠራ አማካሪ ሳያውቁ የሚቀጥሩ አሉ።

የተበከለ ውሃና አፈር ባለሙያ፦
ልክ ነህ፤ ስለዚህ ውሉ ውስጥ እነዚህ ይግቡ። ላለፉት አምስት ዓመታት ለማን እንደሠራ በጽሑፍ ያሳውቅ። ያዘጋጀው መረጃ ሁሉ የማኅበሩ ንብረት ይሁን። ክፍያው በክፍል በክፍል ይሁንና የመጨረሻው የሚለቀቀው ሪፖርቱን በአማርኛ ወይም በነዋሪው ቋንቋ በስብሰባ ላይ አስረድቶ ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ነው። የአስተርጓሚውን ዋጋ በጀቱ ውስጥ መጀመሪያውኑ ጻፉት፤ ኋላ ልጨምር ቢባል ለእያንዳንዱ የበጀት ለውጥ ፈቃድ መጠየቅ ሊመጣ ይችላል።