ሲአርፒ 4.6 ማለት ጉበቷ ተጎድቷል ማለት ነው?

የማሚ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት ተመርምራ ሲአርፒ 4.6 መጣባት። ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ጉበቷን ነው? ከልብ ጋርስ ምን አገናኘው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከላብራቶሪ፦
እህቴ አይዞሽ። ጉበት ያመርተው እንጂ የጉበት በሽታ መለኪያ አይደለም። ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲነሳ ነው የሚጨምረው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ፣ በተለይ ቦርጭ ካለ፣ የሆድ ስቡ ራሱ ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል ብግነት ቀስቃሽ ነገር ወደ ደም ይለቅና ጉበትን ያነሳሳዋል፣ ለዚህ ነው ስኳርና ሲአርፒ አብረው የሚታዩት። ለልብ ሲታይ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ጥሩ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ አሳሳቢ ይባላል። ግን ያን ሰሞን ጉንፋን ወይ የጥርስ ሕመም ነበራት?

የማሚ ልጅ፦
ኧረ ጉንፋን አንቋት ነበር! ይሄ ይቆጠራል?

ከላብራቶሪ፦
በደንብ ነዋ። ካገገመች ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገምላት። ትንሹንም መጠን አጥርቶ የሚለካው፣ ኤችኤስ ሲአርፒ የሚባለው መሆኑን አረጋግጪ፣ ለልብ የሚያገለግለው እሱ ነው።

አሸናፊ፦
አደራ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። አባቴ ሲአርፒ ያወርዳል ተብሎ ኪኒኑን ትቶ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ላይ ሙጭጭ አለ። ስኳሩ 400 ገብቶ በስንት መከራ ተረፈ።

የልብ ሐኪም፦
ሲአርፒ ጠቋሚ ነው፣ ራሱ ልብን አያሳምምም። በዘር ሲአርፒያቸው ከፍ የሚል ሰዎች ተጠንተው በልብ ሕመም ከሌላው ሰው አልበለጡም። ብግነቱ ግን የምር ጉዳይ ነው። 2017 ላይ የወጣው ካንቶስ የተባለው ጥናት የልብ ጥቃት የደረሰባቸውን ከ10,000 በላይ ሰዎች ይዞ ካናኪኑማብ የሚባል ብግነት የሚቀንስ መርፌ ሞከረ፣ ኮሌስትሮላቸው ሳይወርድ ድጋሚ ጥቃት፣ ስትሮክና የልብ ሞት በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስኳር እንዳይዝ ግን አልተከላከለም፣ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽንም ጨምሮ ታየ። ስለዚህ መርፌውን ተይውና አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ ኪኒን ትወስዳለች? በእሷ ዕድሜ ስኳር ላለበት ሰው ሲአርፒው ወረደም ወጣም ስታቲን ይመከራል። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

የማሚ ልጅ፦
አሁን መድኃኒቶቿን አውጥቼ አየሁ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒንና የግፊት ብቻ ነው ያለው። ሰኞ ቀጠሮ አላት፣ አብሬያት ገብቼ እጠይቃለሁ።