ስፌቱ ወረቀቱን እየቀደደብኝ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በምትሰፋቸው ሰፌዶች ላይ ያሉትን ንድፎች በሊኖሊየም (ለስላሳ የወለል ንጣፍ) ላይ ቀርጬ፣ ወረቀት ላይ አትሜ፣ በእጅ የተሰፋ መጽሐፍ ላደርጋቸው ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። በህትመቱ ደስ ብሎኛል። የቸገረኝ ስፌቱ ነው።

የመረጥኩት የብራና መጻሕፍታችንን አሰፋፍ ነው። ጀርባው ላይ ሙጫ የለም፤ ቀዳዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ክሩ በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይዞ ከጥራዝ (አንድ ላይ ከታጠፉ ወረቀቶች ስብስብ) ወደ ጥራዝ እንደ ሰንሰለት እየተቆላለፈ ይሄዳል። መጽሐፉ ሲገለጥ ዝርግት ብሎ ይተኛል። ሁለት ገጽ ለሚሸፍን ሥዕል ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

6 ጥራዝ አለኝ፤ እያንዳንዱ ለሁለት የታጠፉ 4 ወረቀቶች ነው፤ ወረቀቱ በካሬ ሜትር 120 ግራም የሚመዝነው ነው። በወስፌ በስቼ፣ ክሩን ሰም ቀብቼ ሰፋሁት። ሳጠብቀው የመሃሉ ወረቀት ከቀዳዳው ይሰነጠቃል፤ ሳላላው ጥራዞቹ ይወዛወዛሉ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ደገምኩት፤ ቀዳዳው ተለቀ እንጂ አልተሻለም። ብራና የሚችለውን ወረቀት አልቻለውም መሰለኝ። ሳጥፈውም ጠርዙ ስንጥቅጥቅ ብሎ ነበርና የቃጫውን (ወረቀቱ የተሠራበትን ጭረት) አቅጣጫ ተሻግሬ አጥፌው ይሆን እላለሁ።

በየጥራዙ እጥፋት ውስጥ ቀጭን የብራና ወይም የጨርቅ ቁራጭ ባስገባ ይይዝልኛል? ሥዕሉን መሃል ለመሃል እንዳይሸፍንብኝ ፈራሁ። በውጭ በኩል ባደርገውስ? የክሩ ውፍረትስ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል?

የቀሩኝ ህትመቶች ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሚበቁ፣ የሞከረው ሰው እስኪነግረኝ ድረስ አልነካቸውም።