ለአቤቱታዬ መልስ ሳላገኝ 30 ቀኑ አልፏል፤ ምን ላድርግ?

በሞጆ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ በመስኖ የማለማ ገበሬ ነኝ። ከበላያችን ያለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቀው በአብዛኛው ሌሊት በመሆኑ፣ ጠዋት ፓምፕ ስናስነሳ ውሃው ወደ አረንጓዴ ተለውጦ፣ በቦዩ ጠርዝም ነጭ ቅርፊት ጥሎ እናገኘዋለን። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም በአፈር ውስጥ ስለሚከማች፣ ከዘንድሮው ምርት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ልጆቼ የሚወርሱት መሬት ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ ማንኛውም ሰው በጉዳዩ የግል ጥቅም እንዳለው ማሳየት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ደግሞ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። አቤቱታዬን በጽሑፍ ካስገባሁ ዛሬ 41 ቀን ሆኖኛል፤ «ናሙና ይወሰዳል» ከመባሉ በቀር ናሙና ሊወስድ የመጣ ሰው የለም።

የሕግ ወይም የላቦራቶሪ እውቀት ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። እኔው ራሴ በጀሪካን የቀዳሁት ውሃ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል ወይስ በምስክሮች ፊት መቀዳት አለበት? ለክሮሚየም ምርመራ ናሙናው በምን ዓይነት ዕቃ ይያዛል፣ ስንት ቀንስ ይቆያል? ክሱንስ በፋብሪካው ላይ ብቻ ላቅርብ ወይስ ዝም ባለኝ መሥሪያ ቤት ላይም? የቀሩኝ 49 ቀናት ናቸው።