ፋይበር አብዛ ተባልኩ፤ ከየት ላምጣው?

የለገሃሩ
ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። የሆድ ድርቀት ቢያስቸግረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና «ፋይበር ያለው ምግብ አብዛ» ተብዬ ተሸኘሁ፤ ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት አሰር ማለት ነው አሉ። መድኃኒት ቤት የፋይበር ዱቄት አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ጠዋት ማኪያቶ በቦምቦሊኖ፣ ምሳ ፓስታ ወይ ሩዝ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ እበላለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ ነጭ እንጀራ ፋይበር የለውም፣ ቀይ ጤፍ ካልሆነ አትድከም ይሉኛል። እውነት ነው? ፍራፍሬ በየቀኑ እንዳልገዛ ኪሴ አይችልም።

እማማ ባልትና
ልጄ፣ ፒያሳ ባልትና ስሸጥ ነው ያረጀሁት። በጤፉ ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ጤፍ ከማነሱ የተነሳ እንደ ስንዴ ገለባው ተለይቶ አይወጣለትም፤ ማኛም ሆነ ቀይ፣ ከነልብሱ ነው የሚፈጨው። ንጣቱ የዘሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንጀራው እንዲነጣ ሩዝ የሚቀላቅሉት ናቸው። ከምታውቃት ጋጋሪ ግዛ።

ጉዱ ያለው ጠዋትህና ምሳህ ላይ ነው። ቦምቦሊኖው ፉርኖ ዱቄት ነው፣ ፓስታውም ገለባው የወጣለት ስንዴ ነው። ያ ገለባ ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። እንግዲህ ላሟ ካንተ የተሻለ ፋይበር ትበላለች! ነጭ ሩዝም ያው ነው።

ሽሮህን አልነካብህም። አተሩ ሲከካ ቅርፊቱ ቢነሳም ፍሬው ውስጥ የሚቀር አለ። ከዚያ የበለጠ ከፈለግህ ድፍን ምስር አሠራ፣ ወይም ሽንብራና ስንዴ ንፍሮ። ቦምቦሊኖውን በቂንጬ ለውጠው። ቆሎ ደግሞ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቢከርም አይበላሽም፤ ወጣቱ ግን ሱቄ ቺፕስ ይዞ ገብቶ በርበሬውን ገዝቶ ይወጣል፣ ቆሎዬን ዞር ብሎ አያየውም። ተልባ ከገዛህ ታምሶ የተፈጨውን ይሁን። ድፍኑን ብትውጠው እንደገባ ይወጣል።

ነርስ ነኝ
እማማ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው መጠኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል፣ ከምግብ የሚገኘውን ማለት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ድፍን ምስር 8 ግራም ገደማ ይሰጥሃል።

ግን በአንዴ አትዝለልበት። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ፋይበሩን ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፣ ሆድህ ይነፋል፣ ከዚያ «ምስር አልተስማማኝም» ብለህ ትተወዋለህ። ቀስ በቀስ ጨምር፣ ውሃም ጠጣ፤ ያለ ውሃ ድርቀቱ ሊብስ ይችላል። ሰገራህ ላይ ደም ካየህ ወይም ሳታስበው ከከሳህ ግን ቆሎና ቂንጬ እየሞከርክ አትቆይ፣ ተመልሰህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

የአራት ኪሎ ልጅ
ጁስስ? እኔ በጁስ ነው የምኖረው።

ነርስ ነኝ
አቮካዶ ተፈጭቶ ስለሚቀርብ ፋይበሩ አብሮት አለ። ብርቱካን ግን ሲጨመቅ አሰሩ እዚያው ጁስ ቤቱ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል፤ ልጠህ ብላው። ስኳር አታስጨምር።

የለገሃሩ
እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ጥርሴ ለቆሎ አይሆንም፤ ምን ይሻለኛል?

እማማ ባልትና
በሶ በጥብጥ። ያው ገብስ ነው።

ነርስ ነኝ
ጥሩ ምርጫ ነው። ገብስና አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለ፤ ፍሬው ውስጥም ስላለ ገብሱ ስለተፈተገ ብቻ አይጠፋም። በቀን 3 ግራም ያህሉ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ዝቅ ለማድረግም ይረዳል።

እማማ ባልትና
በስኳር ሳይሆን በጨው በጥብጠው። ራስህ የምታስፈጭ ከሆነ ደግሞ ዱቄቱን አታስነፋው፤ ሻካራ ነው ብለህ ታማርር ይሆናል፣ ልመደው።