«ድርቁ 100 እጥፍ ከፋ» የሚለው ዜና ትክክል ነው?

ጥያቄ፦ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ስለከዳበት የቦረናና የሶማሌ ድርቅ «በአየር ንብረት ለውጥ 100 እጥፍ ከፋ» የሚል ዜና ይዘዋወራል። ዜናው የጠቀሰው ጥናት እንዲህ ይላል?

መልስ 1፦ አይልም። የወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን (የአየር ንብረት ለውጥ በድርቅና በመሳሰሉት ላይ ያለውን ድርሻ የሚመረምር የሳይንቲስቶች ቡድን) ትንተና (ኤፕሪል 2023) 100 እጥፍ ያህል ጨመረ ያለው የመከሰት ዕድሉን ነው፤ የድርቁን ክብደት አይደለም። ከዚህ የባሰው ስህተት ግን «ዝናቡ የጠፋው በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ነው። በዓመታዊው የዝናብ መጠን ላይ የጎላ ለውጥ አልተገኘም፤ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ዝናብ ሲቀንስ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ይጨምራል። የድርቁን ዕድል የጨመረው ትነቱ ነው፦ የሞቀው አየር የአፈሩንና የግጦሹን እርጥበት መጥጦ ይወስዳል። «እጥፍ» የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር «የምኑ? ከየትኛው ዘመን ጋር ተነጻጽሮ?» በሉ። የዚህኛው ማነጻጸሪያ ከጥናቱ ጊዜ በ1.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቃዛ የነበረው ዓለም ነው።

መልስ 2፦ ከአሜሪካ ዜና የተተረጎመ ከሆነ ዲግሪውንም አስሉት። ለምሳሌ የ2.7 ፋራናይት ጭማሪ በ5 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 1.5 ሴልሺየስ ነው። 32 የሚቀነሰው ከቴርሞሜትር ንባብ ብቻ ነው፤ ከጭማሪ ላይ ከተቀነሰ «ከዜሮ በታች 16» የሚል ጉድ ይወጣል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፣ «የመከሰት ዕድሉ» ብዬ አስተካክዬ አጋራዋለሁ።