ከልጅነታችሁ ወደ ክፍላችሁ የገባው ምንድን ነው? (ለመዋዕለ ሕፃናትና ለኦ ክፍል መምህራን)

የጥጃ እረኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) መምህርት ነኝ።

እኔ ራሴ መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር ሳላይ ነው ያደግሁት። በእኛ መንደር ልጅ ለትምህርት እስኪደርስ ጥጃ ይጠብቃል። ጥጃ ስንጠብቅ ከወንዙ ዳር ጭቃ እያመጣን በሬ እንሠራ ነበር፤ ቀንበሩን ከጭራሮ፣ ጅራፉን ከልጥ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን የሠራሁትን በሬ ይዤ ስገባ ምስር መልቀማቸውን ትተው፣ እጃቸውን ጠርገው ይቀበሉኝና ይጠይቁኛል፤ «ስሙ ማን ነው? በግራ ነው በቀኝ የሚጠመደው? ለምን አንዱ ቀንዱ አጠረ?» «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ይጠይቃሉ፣ እኔም መልስ ፍለጋ ወደ ጭቃው እመለሳለሁ።

ዛሬ ክፍሌ ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው። ጠዋት ጭቃው ይወጣል፣ ልጆቹ ይሠራሉ፣ እኔ እየዞርሁ እጠይቃለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ልጅን እንዴት እየጠየቁ ማናገር እንደሚገባ ሲያስተምሩን «ይህማ የአያቴ ነው» ብዬ ነበር።

አሁን ወላጆች ተነሥተውብኛል። አንድ አባት ርእሰ መምህሩ ፊት ቆመው «ጭቃ ማቡካቱንማ እቤቱም ያቦካ ነበር፤ ታዲያ ዩኒፎርም ለምን ገዛሁለት?» አሉ። አጠገባችን ያለው የግል መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ደብተር ሙሉ ኤቢሲዲ ጽፈው ወደ ቤት ይመለሳሉ። የእኔዎቹ የሚመለሱት ጥፍራቸው ጭቃ ይዞ ነው። (የጥፍሩን ነገር አልክድም፤ ቧንቧችን ውኃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነው።)

የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ ለልጆቹ የሚበጀውን እያስተማርሁ ነው ወይስ የራሴን ናፍቆት? ከእናንተስ ልጅነት ወደ ክፍላችሁ የገባው ምንድን ነው? ሆን ብላችሁ ደጅ ያስቀራችሁትስ?

ስንደዶ

እህቴ፣ እኔ ጎጃም የኔታ ዘንድ ነው የጀመርሁት። አሁን አዲስ አበባ በመዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ በዚህ ሥራ ወንድ ሲያዩ የሚገረሙ ወላጆች ዛሬም አሉ።

የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስተምሩም። ዳዊት የደገመው ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል። እኔን ያስቆጠረኝ በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ ልጅ ነበር። ስንደዶውን ያስይዘኝና እጄን በእጁ ይዞ ከፊደል ፊደል ያሻግረኛል። እርሱን አልፈራውም፤ ስሳሳት ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ክፍሌ ውስጥ ያስገባሁት ይህን ነው፤ ቀድሞ የገባው ልጅ ላልገባው ያሳያል።

ሁለተኛው አቡጊዳ ነው። ሀሁን በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደል ያወቀ ይመስለዋል፤ ገና የያዘው ግን ዜማውን ነው። የጥንት ሊቃውንት ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ከሀሁ ቀጥሎ ልጁን አቡጊዳ ላይ ያስቀምጡታል፦ አ በግዕዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ ዳ በራብዕ፣ ሄ በኃምስ፣ ው በሳድስ፣ ዞ በሳብዕ። መሥመሩ ሁሉ ይሰባበራል፤ የለመዱት ዜማ አያድንም፣ ዓይን ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። ደብተር ሙሉ ኤቢሲዲ የጻፈ ልጅ ከመካከል አንዷን አውጥቼ ስጠይቀው ዝም ሲል አይቻለሁ። ለዚያ አባት ይህን ያሳዩአቸው።

ደጅ ያስቀረሁት አለንጋውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል፤ እኔ ግን ሥራ የጀመርሁት ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ከመጽደቁ በፊት ነው፣ ያኔም አልመታሁም። አለንጋው ከፍ ሲል የማውቀው ፊደል ሁሉ ከራሴ ይበንን እንደነበር አልረሳውም።

ስለ ናፍቆት ለጠየቁት፦ አያትዎ ያወረሱዎት ጥያቄውን ነው። ጭቃ ቢጠፋ በካርቶንም በጠርሙስ ክዳንም ይጠየቃል። ካርቶን ይዘው የማይሠራልዎት ከሆነ ያን ጊዜ ናፍቆት ነው እላለሁ።

የበኩር ልጅ

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ሕፃናት እጠብቃለሁ፤ እዚህ በዚህ ሥራ የተሰማራን የሀገር ልጆች ብዙ ነን። ሲዲኤ የሚባለውን የሕፃናት መምህራን የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት 120 ሰዓት ሥልጠናና 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ሥራ ይጠይቃል። ከዚያም ላይ ስለ ልጅ አስተዳደግ የምታምኚበትን ጽፈሽ ታስገቢያለሽ። እኔም ስለ አንቀልባ ጻፍሁ።

ደሴ ነው ያደግሁት፤ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። የታናናሾቼ አልጋ ጀርባዬ ነበር። ልጁ መተኛቱን ሳልዞር፣ ከትንፋሹ አውቃለሁ። ይህ እውቀት ዛሬም ይጠቅመኛል፤ ልጅ ሊያለቅስ ሲል ከማልቀሱ በፊት ይታወቀኛል። አዝሎ ማስተኛት ግን እዚህ አይቻልም። ሕፃን በራሱ አልጋ በጀርባው ይተኛል፤ ብርድ ልብስ የለም፣ ትራስ የለም። በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ሞትን ለመቀነስ ነው። መጀመሪያ ላይ አንጀቴን በልቶት ነበር፤ ምክንያቱን ሳውቅ ግን ተቀበልሁት።

አንድ ነገር ግን ለጋሼ ስንደዶ ልበል። ልጅ ማዘል ጨዋታዬን ነጥቆኛል። እኩዮቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘልሉ እኔ ወንድሜን አዝዬ ከዳር ቆሜ ተራ እቆጥርላቸው ነበር። ስለዚህ ታላቅ እህትና ታናሽ ወንድም ቤቴ ሲመጡ ታናሹን ለታላቂቱ አደራ አልልም። ቀድሞ የገባው ላልገባው ያሳይ ብለዋል፤ ጥሩ ነው። እርሱንስ ማን ያሳየዋል?

ጎረቤት ቴሌቪዥን

የእኔ አጭር ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ነው። አባባ ተስፋዬ ሰላምታ ሲሰጡ መሬት የተቀመጥነው ልጆች ሁሉ ብድግ ብለን እንመልስ ነበር፤ የማይሰሙን መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም። ዛሬ ሐዋሳ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ተረት የምነግረው እኔ ነኝ። ጅቡ ሲመጣ እንደ ጅብ አነክሳለሁ፣ ጦጣዋ ስትናገር ወንበር ላይ እወጣለሁ። ርእሰ መምህሯ አንድ ጊዜ ወንበር ላይ አግኝተውኝ በሩን መልሰው ዘጉት።

ዳር ተመልካች

ሁላችሁም ስለ አያት፣ ስለ የኔታ፣ ስለ ወንድም ታወራላችሁ። እኔ ስለ ማጣት ልጨምር። ሕፃናት የሚጫወቱበትን የመጀመሪያውን «የልጆች አትክልት ቦታ» (ኪንደርጋርተን) ያቋቋመው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል ነው፤ ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ሥራውን የጀመረው በ1837 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ሳይሞላው ነበር። አባቱ ቄስ፣ በሥራ የተወጠሩ ሰው፤ እንጀራ እናቱም አልቀረበችውም። ብዙውን ልጅነቱን በግቢው አትክልት መካከል ብቻውን አሳለፈ። በኋላ ለሕፃናት ኳስና የእንጨት ኪዩብ አዘጋጅቶ፣ የአትክልት መደብ ሰጥቶ፣ አብሯቸው የሚሆን ሰው መደበላቸው። ያልተደረገለትን ነው ያደረገው ማለት ይቻላል። የበኩር ልጅም ያለችው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ልጅነት ያልነበረው ሰው ይህን ሙያ አይችልም እንዳይባል።

የጥጃ እረኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የአቡጊዳው ነገር ሥራ ሰጥቶኛል። ትናንት ልጆቹ «በ»ን ከጭቃ ሠሩ። ቀጥሎ «ባ አድርጉት» አልኋቸው፤ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና አንዷ የግራ እግሩን ቆርሳ ጣለች። የቆረሰችውን አንሥታ ደግሞ ወገቡ ላይ ስትለጥፈው እግሩ ግራና ቀኝ ስላልተካከለ «ቡ አልሆነም» ብሎ ጎረቤቷ ተከራከራት። ቢ እግሩ ሥር፣ ቤ ቀለበቷ፤ እስከ ደወል አልጨረስንም። የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ ያንን አባት ከልጃቸው ጎን አስቀምጬ ጭቃውን ለሁለቱም ልሰጥ ነው።

እትዬ የበኩር ልጅ፣ ያቺን ታላቅ እህት ወንድሟ ሲያለቅስ ጨዋታዋን ትታ እንዳትሮጥ ምን አደረጉ? እኔም እንዲህ ያለች ልጅ አለችኝ።

የበኩር ልጅ

አትሩጪ አልላትም፤ እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። እየዋለ እያደረ መነሣቷን ቀነሰች። የእኔ ቤት ጠባብ ስለሆነ ይህ ይቻለኛል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ግን ምን ያህል እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ። ረዳት ካለሽ ረዳትሽን ከትንሹ ወንድም አጠገብ አስቀምጪያት። ከሌለሽ ደግሞ ትንሹም ለእህቱ የሚያሳያት አንድ ነገር ፈልጊለት፤ ቁልፍ መቆለፍም ቢሆን።